ዱካ የማይተው እጅ

ብልቃጧ በመዳፍ ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች። ውስጧ ሮዝ መሰል ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ጠባብ ነጭ ጠርዝ ዙሪያዋን የከበባት፣ ጎበጥ ያለች ስስ ነገር ተቀምጣለች። ወደ መስኮት ብርሃን ሲያዞሯት ጠርዙ ብቻ ነው የሚታየው፤ መሐሏ ባዶ ይመስላል። ሁሉም ነገር ያለው ግን እዚያ ባዶ በሚመስለው ቦታ ላይ ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ ልገሳው በሚነገርበት ሁሉ ደግሞ የዓይን ብሌን ይባላል። ከጥቂት ቀናት በፊት የአንድ ሰው ነበር። በቅርቡ ሌላ ሰው ያይበታል።

ስለ ዓይን ብሌን ልገሳ ሲነሳ ወሬው ስለ ቸርነት ነው፤ መሆንም ይገባዋል። እኔ እዚህ ላደንቅ የተነሳሁት ግን ብዙ የማይወራለትን የእጅ ሥራውን ነው። ስጦታው ከለጋሹ ተነስቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ሙያ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ እጃቸው ያረፈበት ቦታ ሳይታወቅ ሲቀር። በሚገባ ሲሠራ የማይታይ ሥራ አድናቂ ስለማያገኝ፣ ቀረብ ብለን ልናየው ይገባል።

ከዕቃው ልጀምር። የአዋቂ ሰው ኮርኒያ ከዳር እስከ ዳር 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ወደ ዳር ሲሄድ ይወፍራል። ከዚህ ውፍረት ዘጠኝ አሥረኛውን የሚይዘው ስትሮማ የተባለው ክፍል ነው። ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ንጣፍ ይሆናሉ፤ ከ200 በላይ ንጣፎችም አቅጣጫቸውን እየቀያየሩ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። ኮላጅን በቆዳችንም፣ በነጩ የዓይን ክፍልም አለ፤ እዚያ ግን ብርሃን አያሳልፍም። እዚህ የሚያሳልፈው የክሮቹ ውፍረትም፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም የተስተካከለ ስለሆነ ነው። ስትሮማው ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ድርድሩ ይዛባል፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ ጥራቱ ይደፈርሳል። ደም ሥር የለበትም፤ ኦክስጅኑን በአብዛኛው በእንባው በኩል ከአየር ይወስዳል።

ውኃውን የሚመልሰው ከኋላ ያለው ኢንዶቴሊየም ነው፤ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ። ቀንም ሌሊትም ከስትሮማው ውኃ እየቀዳ ወደ ዓይን ውስጥ ይመልሳል። በጤነኛ አዋቂ ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከ2500 እስከ 3000 የሚደርሱ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ የሞተው አይተካም። በዙሪያው ያሉት ተለጥጠው ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ በቦታው አዲስ አይወለድም። ኮርኒያው ሲታጠፍ ይሞታሉ። መሐሉ በመቆንጠጫ ሲነካ ይሞታሉ። ሲደርቅም ይሞታሉ። ከዚህ በኋላ የማወራው የእጅ ሥራ በሙሉ ይህችን አንድ ረድፍ ለማትረፍ የሚደረግ ነው።

የመጀመሪያዋ እጅ የምትሠራው ለቅሶ መሐል ነው። በእኛ አገር ሞት ፋታ አይሰጥም፤ ሙስሊሙ በዚያው ቀን፣ ክርስቲያኑም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቀብራል። ኮርኒያውም ቢሆን አይጠብቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል። ስለዚህ የዓይን ባንክ ባለሙያ የሚደርሰው ሐዘኑ ገና ትኩስ ሆኖ ነው። ድንኳን እየተተከለ፣ ሩቅ ላለው ዘመድ እየተደወለ፣ ገናዦች እየተጠሩ። እንዲህ ያለ ቤት መግባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ከቤተሰቡ መሐል ሊያናግረው የሚችለው ማን እንደሆነ ለማየት ጊዜ ይወስዳል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለመለገስ ቃል የገቡ ቢሆኑም የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል። ምን አሟቸው እንደነበር፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት እንዴት እንዳለፉ ይጠይቃል፤ የደም ናሙናም ይወስዳል፤ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረሶችና ቂጥኝ ሳይመረመሩ ምንም ነገር ወደ ሌላ ሰው ዓይን አይሄድም። እነዚህን ጥያቄዎች ሐዘንተኛን ሳያስከፉ መጠየቅ ከየትኛውም መሣሪያ አያያዝ ያላነሰ ጥበብ ይጠይቃል።

ቤተሰቡም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው። ባለሙያው እስኪደርስ የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው፦ የዓይን ቆቡ ይከደን፣ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይደረግበት፣ ራስጌው በትራስ ከፍ ይበል፣ ማራገቢያ ካለ ይጥፋ። ያችን እርጥብ ጨርቅ የምታስቀምጥ ልጅ ወይም እህት ያንን የሕዋስ ረድፍ ከመድረቅ ታተርፋለች።

ከዚያ በሩ ይዘጋል። ፊት ይታጠባል፣ ዓይን በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ይጸዳል፣ ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ቆቡ በትንሽ ማለያያ ይከፈታል። ነጩን ክፍል ከላይ የሸፈነው ስስ ቆዳ ከኮርኒያው ዙሪያ ተቆርጦ ወደ ኋላ ይገፈፋል። ቀጥሎ ስለቱ ከኮርኒያው ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነጩን ክፍል እየቆረጠ ዙሪያውን ይዞራል። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ሽፋን መብሳት የለበትም፤ ከበሳው ፈሳሹ ይወጣል፣ የዓይኑ የፊት ክፍል ይሟሽሻል፣ ኮርኒያውም ከኋላው ካለው፣ አይሪስ ከሚባለው ባለ ቀለም ክፍል ጋር ይነካካል። ክቡ ሲገጥም አንድ እጅ ነጩን ጠርዝ በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ሌላው አይሪሱን በቀስታ ወደ ታች እየገፋ ያላቅቀዋል። ኮርኒያው ሳይታጠፍና ሳይጎተት ይነሳና ወደ ብልቃጡ ይገባል። በመግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ነጭ ጠርዝ የተተወው ለዚሁ ነው፦ ከእንግዲህ ኮርኒያውን የሚነካ ሰው ሁሉ የሚይዘው ቦታ እንዲኖረው።

ብልቃጡ ቢከደንም ሥራው አላለቀም፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀውም ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ባለሙያው ወደ ሟቹ ፊት ይመለሳል። ኮርኒያው በነበረበት ቦታ የዓይንን ጉብታ የያዘች ስስ የፕላስቲክ ቆብ ያስቀምጣል። ሙሉ ዓይኑ የተወሰደ እንደሆነ ጎድጓዳውን መጀመሪያ በጥጥ ይሞላዋል፤ መጠኑ ከበዛ የዓይን ቆቡ ይነፋል፣ ካነሰም ይጎደጉዳል። የላይኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ያወርዳል፣ ሁለቱን ያጋጥማል፣ ሽፋሽፍቱን ያስተካክላል፣ የፈሰሰ ካለ ይጠርጋል። ከዚያ ሁለቱ ዓይኖች እኩል መሆናቸውን ከግርጌ ቆሞ ያያል። ይህን የሚጠይቅ ማሽን የለም፤ ለኮርኒያው ጥራትም የሚጨምረው ነገር የለም። በሩ ሲከፈት ግን የሚገቡት እናት ናቸው። የልጃቸውን ፊት ከማንም በላይ የሚያውቁት እናት ጎንበስ ብለው ሲስሙት የተለየ ነገር ካላዩ፣ ያ ባለሙያ ሙያውን ተወጥቷል። ሰዎች ስለ ልገሳ ሲያስቡ የሚፈሩት አንዱ ነገር የሟች ፊት እንዳይበላሽ ነው። ያንን ፍርሃት በቃል ከማስረዳት ይልቅ በእጅ ሥራ የሚመልሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ብልቃጡ ባንኩ ሲደርስ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጀመራል። ኮርኒያው ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ቀጭን ብርሃን ተሰንጥቆ ይታያል፤ ጠባሳ፣ እጥፋት፣ ደመና ይፈለግበታል። በሌላ ማይክሮስኮፕ የኢንዶቴሊየም ሕዋሳቱ ይቆጠራሉ። ባለ ስድስት ጎን ሆነው የተጋጠሙ ናቸው፤ ቅርጻቸው ከተዛባ ወይም ቁጥራቸው በካሬ ሚሊ ሜትር ከ2000 ገደማ ከወረደ ለሙሉ ንቅለ ተከላ ብዙውን ጊዜ አይመረጥም። በቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥበት ፈሳሽ እስከ 14 ቀን ያቆየዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ማካሪና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፈሳሽ እስኪያዘጋጁ ድረስ ግን ቀዶ ሐኪሙ ለጋሽ በተገኘበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መነሳት ነበረበት።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ከተማ በሆነችው ኦሎሞውትስ፣ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም ሁለቱም ዓይኖቹ በኖራ የተቃጠሉበትን አሎይስ ግሎጋር የተባለ የቀን ሠራተኛ ተቀበለ። ብረት ገብቶበት መውጣት ከነበረበት ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ዓይን ሁለት ክብ ቁራጮች ቆርጦ ለሁለቱም ዓይኖቹ አደረገለት። አንዱ ሳይሳካ ቀረ፤ ሁለተኛው ግን ጥራቱን እንደያዘ ቆየ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚገርመኝ ዚርም ቁራጩን እንዴት እንዳቆመው ነው። በዚያ ዘመን ኮርኒያን ራሱን ሊሰፋ የሚችል ቀጭን ክር አልነበረውም፤ ስለዚህ ክሮቹን በቁራጩ ላይ አሻግሮ ከዳር ባለው ሥጋ ላይ አሰራቸው፤ ቁራጩን ሳይወጋ አቀፈው። ክሩ ወፍራም፣ እጁ ግን ልከኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦዴሳ ላይ ቭላድሚር ፊላቶቭ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኮርኒያ ለዚህ ሥራ እንደሚውል አሳየ፤ በ1944ም ኒው ዮርክ ላይ ታውንሊ ፓተን የመጀመሪያውን የዓይን ባንክ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፑና የናይለን ክሩ መጡ፤ የዛሬው ስፌት የተወለደውም ከእነርሱ ነው።

የዛሬው ክር 10-0 ይባላል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ጥቁር ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ከወደቀ በባዶ ዓይን መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው። ሐኪሟ (ይህን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ብጽፍ አልሳሳትም) መጀመሪያ የለጋሹን ኮርኒያ ከኢንዶቴሊየሙ በኩል በክብ ስለት ትቆርጠዋለች፤ 8 ሚሊ ሜትር እንበል። የታማሚውን የተበላሸ መሐል ደግሞ በ7.75። ሩብ ሚሊ ሜትሯ ልዩነት ቁራጩ ሳይወጠር ቦታውን እንዲሞላ ታደርጋለች። የታማሚው ክብ ሲነሳ ዓይኑ ክፍት ነው፦ አይሪሱና ሌንሱ በማይክሮስኮፑ ብርሃን ሥር ተጋልጠው ይታያሉ፣ የሚከድናቸው ምንም ነገር የለም። ከኋላ ግፊት ቢመጣ፣ በሽተኛው ቢያስል፣ ደም ሥር ቢፈነዳ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህች ደቂቃ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ መቻኮል ግን አይቻልም። አዲሱ ቁራጭ በጄል ላይ ይንሳፈፋል፣ የመጀመሪያው ስፌት ከላይ በኩል ይገባል።

ከዚያ ሁለተኛው፣ በትክክል ፊት ለፊቱ። ኮርኒያ የሚሰፉ ሐኪሞች ከስፌቶቹ ሁሉ ወሳኙ ይህ ሁለተኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ቁራጩን ለሁለት እኩል የሚከፍለው እሱ ነውና፤ በጥቂቱ ወደ ጎን ከሸሸ አንዱ ወገን ይጨማደዳል፣ ሌላው ይወጠራል፣ የቀሩት አሥራ አራት ስፌቶች ተባብረው ቢመጡ ጥፋቱን አይጠግኑትም። አራቱ ሲያልቁ ክሮቹ በኮርኒያው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው እጥፋት ያሳያሉ፤ አራቱ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ቀሪው ሥራ ቀና ይሆናል። እያንዳንዱ መርፌ ከውፍረቱ ዘጠና በመቶ ያህል ጠልቆ መግባት አለበት። ጥልቀቱ ካነሰ ከኋላ በኩል ይከፈታል፤ ካለፈ ደግሞ ወደ ዓይኑ ውስጥ ይወጋል፣ በቀዳዳውም ውኃ ይፈስሳል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ቁራጭ ውስጥ በመቶኛ እየለካ የሚወርድ እጅ ምን ያህል ልምምድ እንዳለፈ አስቡት።

ጥብቀቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። መሶብ የሰፋች ሴት ይህን ከማንም በተሻለ ትረዳዋለች፦ ዙሪያውን ስትሰፋ እጇ አንድ ቦታ ካጠበቀ፣ ሌላ ቦታ ካላላ፣ ክቡ ይጣመማል። ኮርኒያም እንዲሁ ነው፤ ጥራቱ ምንም ያህል ቢሆን ከተጣመመ ምስሉ ይዛባል። ስለዚህ ሐኪሟ በመጨረሻ ክብ መብራት በኮርኒያው ላይ ታበራና የሚንጸባረቀውን ክብ ታያለች። ሞላላ ከሆነ የጠበቀውን ክር ታወጣና እንደገና ትሰፋዋለች። ክቡ ክብ ሲሆን ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ስባ ወደ ሥጋው ውስጥ ትቀብራቸዋለች፤ የዓይን ቆብ በተከደነ ቁጥር የሚከረክር ነገር እንዳይኖር። ስፌቱ ሲያልቅ ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም። ቀረብ ሲሉ ደግሞ አሥራ ስድስት ስስ መስመሮች ከመሐል ወደ ውጭ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ርቀታቸውም ርዝመታቸውም አንድ ሆኖ።

ከዚህም የቀጠነ ሥራ አለ። የሆላንዱ ሐኪም ኼሪት ሜሌስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀው ዘዴ ኢንዶቴሊየሙን ከያዘችው ስስ ሽፋን ጋር ብቻ ይተክላል፤ ውፍረቷ ከ0.015 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከኮርኒያው ስትላጥ ወዲያው ትጠቀለላለች፤ ሕዋሳቱ ወደ ውጭ ሆነው። እንድትታይ ሰማያዊ ቀለም ትነከራለች፣ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ዓይኑ ትገባለች፣ እዚያ ውስጥ ሐኪሙ በምንም መሣሪያ ሳይነካት፣ ኮርኒያውን ከውጭ መታ መታ በማድረግ ብቻ፣ ይዘረጋታል። ስትዘረጋ ከሥሯ የአየር አረፋ ገብቶ ወደ ላይ ይለጥፋታል፤ ቦታዋን የሚያስይዝ ስፌት የለም። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ጣራ ጣራውን እያየ ይቆያል። ይህ ግን ኢንዶቴሊየሙ ብቻ ለታመመበት ነው። ጠባሳ ለያዘ፣ ወይም ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም ወደ ፊት ለሾለ ኮርኒያ አሥራ ስድስቱ ስፌቶች ዛሬም ግድ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ትራኮማና የዓይን ጉዳት ጠባሳ ማትረፋቸውን አላቆሙም። በትራኮማ የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ የተቀለበሰበት ሰው መጀመሪያ ቆቡን መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱንም ኮርኒያ ፀጉሩ ይፈትገዋል።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በኋላም ከደም ባንኩ ጋር ተዋሕዶ የደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሆኗል። ንቅለ ተከላው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲሠራ ቆይቷል። ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ያለ ዘመድ በሚለግሰው ኩላሊት ነው። ኮርኒያ ግን የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል፣ ዝግጅቱም ቃል ከመግባት ይጀምራል።

ይህንንም ሥራ ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ከተሠራም በደንብ መሠራት አለበት። ቅጹን ሞልቶ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ መክተት ግማሽ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩን የሚደውለው ሌላ ሰው ነው። ቃሉን በሚገባ የሠራ ሰው ለባለቤቱ ነግሯል፣ ለልጆቹ ነግሯል፣ የእድሩ ጸሐፊ ያውቃል፣ የንስሐ አባት ካሉትም አማክሯቸዋል። በገበታ ላይ፣ ማንም ሳይታመም፣ «ልጆቼ፣ የእኔ ቀን ሲደርስ መጀመሪያ ለዓይን ባንኩ ደውሉ፤ ከዚያ ለእድሩ» ያለ አባት ልጆቹን በዚያ ቀን ከሚመጣ ክርክር አሳርፏቸዋል። «የእኔ ዓይን ደካማ ነው፣ መነጽር አደርጋለሁ፣ ሞራ ተሠርቻለሁ» ብሎ የሚተወውም ሰው ብዙ ነው። መነጽር ማድረግ ኮርኒያ ከመለገስ አይከለክልም፤ ሞራው ያለው ከኮርኒያው ኋላ፣ ሌንሱ ላይ ነው። ዕድሜም ብቻውን አያስቀርም። የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው የመለየቱ ሥራ የባንኩ ነው፤ የሚለይበትንም ማይክሮስኮፕ ከላይ አይተነዋል።

ከተሰፋ በኋላም የእጅ ሥራው ይቀጥላል። ደም ሥር የሌለው ቦታ ቁስሉ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ክሮቹ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የኮርኒያው ጉብታ በየጊዜው ይለካል፣ ወደ አንድ ወገን የሚጎትተው ክር ተለይቶ ይወጣል፣ ሌላው ይቆያል። አንዳንዱ ለዓመታት እንዲቀመጥ ይተዋል። ጠብታው በታዘዘው ሰዓት መግባት አለበት፤ ሰውነት እንግዳውን ኮርኒያ ሊገፋው የሚችለው ከብዙ ዓመት በኋላም ነው። ለዚህም አዲስ ኮርኒያ የተቀበለ ሁሉ አራት ነገር በቃሉ ይዞ ከሆስፒታል ይወጣል፦ ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተው፣ ወይም እይታው ከደበዘዘ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይመጣል።